የኤፒክቴተስን ትምህርት በ30 ቀን መለማመድ፦ ከሐዘን ሳይሆን ከጀበና ጀምሩ

ብዙ ሰው ኤፒክቴተስን ማንበብ የሚጀምረው ሰኞ ማታ ነው፤ የሚተወው ደግሞ ሐሙስ ጠዋት። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። «ሰዎችን የሚያውካቸው ነገሩ ሳይሆን ስለ ነገሩ ያላቸው ፍርድ ነው» የሚለውን ቃሉን በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን ታክሲ ውስጥ በሁለት ብር መልስ ከረዳቱ ጋር እስከ መጨረሻው ፌርማታ ተጨቃጨቅኩ። ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ይህን መንገድ የሞከሩ ወዳጆቼንም አይቻለሁ፤ የሚሰናከሉት በሁለት ቦታ ነው። አንዳንዱ ጥቅስ ሰብስቦ ልምምዱን ይዘለዋል። ሌላው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን «ልጄ ቢሞት እንኳ አልናወጥም» ከሚለው ከፍታ ላይ ለመውጣት ሞክሮ ይወድቃል። ኤፒክቴተስ ግን ተማሪውን የሚያስጀምረው ከአንድ የሸክላ ዕቃ ነው። ይህ መመሪያ የእሱን ቅደም ተከተል ተከትሎ የተዘጋጀ ነው፤ የቀኖቹ አከፋፈል ግን የእኔ ነው።

ሰውየውን ለማታውቁት ይህን ያህል ይበቃል፦ በባርነት ያደገ፣ እግሩ የሚያነክስ፣ ኋላ በምዕራብ ግሪክ በኒኮፖሊስ ከተማ ትምህርት ቤት የከፈተ የስቶይክ (የጥንት ግሪክ የፍልስፍና ወገን) ፈላስፋ ነው። ራሱ የጻፈው መጽሐፍ የለም። ያለን ተማሪው አርያን የመዘገበው ነው፤ ከውይይቶቹ አራት መጻሕፍት፣ እንዲሁም ከእነሱ የተጨመቀው ባለ 53 ምዕራፍ «ኤንኪሪዲዮን»። የቃሉ ትርጉም «በእጅ የሚያዝ» ማለት ነው፤ ስሙም ለሥራ የተዘጋጀ መሣሪያ መሆኑን ይነግራችኋል።

ከመጀመራችሁ በፊት

የሚያስፈልጋችሁ ጥቂት ነው።

አንድ ተራ ባለ መስመር ደብተርና እስክሪብቶ አዘጋጁ። ስልክ አይሆንም፤ ስልክ ከፍታችሁ የምትጽፉት ነገር ከመጠናቀቁ በፊት ሌላ የሚያበሳጭ ነገር ታነባላችሁ።

ጠዋት አምስት ደቂቃ፣ ማታ አሥር ደቂቃ ለዩ። ሰዓቱን በየቀኑ ከምታደርጉት ነገር ጋር እሰሩት፤ ጠዋት ጫማ ስታጠልቁ፣ ማታ በር ስትቆልፉ። «ጊዜ ሳገኝ» ያለ ሰው ጊዜ አግኝቶ አያውቅም።

ለማንም አትንገሩ። ለምን እንደሆነ በሰባተኛው ደረጃ ታገኙታላችሁ፤ ክልከላው ግን ዛሬ ይጀምራል።

ማስጠንቀቂያ፦ አሁን መጀመር የሌለባቸው

ሰሞኑን ሰው የሞተባችሁ ከሆነ ደብተሩን ዝጉና አልቅሱ። በሐዘን መካከል የሚጀመር ልምምድ ሐዘኑን ያፍነዋል እንጂ አያስተምርም። እንቅልፍ ለሳምንታት ከራቃችሁ ወይም ራሳችሁን የመጉዳት ሐሳብ የሚመጣባችሁ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ይህ የሕክምና ምትክ አይደለም። የምትደበደቡበት ቤት ውስጥ ያላችሁ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ደኅና ቦታ ውጡ፣ የሚረዳችሁ ሰው ፈልጉ። «ፍርዴን ላስተካክል» እያሉ ዱላ መቻል ኤፒክቴተስን በስህተት ማንበብ ነው።

ደረጃ 1፦ ገጹን ለሁለት ክፈሉ (ከቀን 1 እስከ 3)

«ኤንኪሪዲዮን» የሚከፈተው በአንድ መለያ ነው፤ አንዳንድ ነገር በእጃችን ነው፣ አንዳንዱ አይደለም። በእጃችን ያለው ፍርዳችን፣ ለማድረግ መነሣታችን፣ መፈለጋችንና መሸሻችን ነው። በእጃችን የሌለው ሰውነታችን፣ ንብረታችን፣ ስማችንና ሥልጣናችን ነው። ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አንብቡት፤ ሰውነት በየትኛው ወገን እንደተቀመጠ ልብ በሉ።

1. ገጹን በቁመት ለሁለት ክፈሉ። በግራ «በእጄ»፣ በቀኝ «በእጄ ያልሆነ» ብላችሁ ጻፉ።

2. በሌላ ገጽ ላይ ትናንት ልባችሁን ያወኩትን አምስት ነገሮች ዘርዝሩ። ትልልቅ ነገር አትፈልጉ፤ ያልተመለሰ ስልክ፣ የዘገየ ደመወዝ፣ የጎረቤት ሙዚቃ ይበቃል።

3. ለእያንዳንዱ ይህን ጠይቁ፦ «ሌላ ሰው፣ ሕመም ወይም ዝናብ ሊከለክለኝ ይችላል?» መልሱ «አዎ» ከሆነ ወደ ቀኝ ይሂድ።

4. ሦስተኛ ዓምድ አትክፈቱ። «በከፊል በእጄ» የሚል ዓምድ የከፈተ ሰው በሳምንት ውስጥ ሁሉንም ነገር እዚያ ይከምረዋል። በከፊል የመሰላችሁን ነገር ስንጠቁት።

የመሰንጠቅ ምሳሌ ልስጣችሁ። «የሥራ ፈተናው» ብላችሁ ጻፋችሁ እንበል። ፈተናውን ማለፍ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ አራሚው፣ የተፎካካሪው ብዛት፣ የጥያቄው ዓይነት በእናንተ እጅ አይደለም። «ታዲያ ማንበቤስ?» ትሉኛላችሁ። እሱም ይሰነጠቃል፤ ለማንበብ መቀመጣችሁ ግራ ነው፣ መብራቱ አለመጥፋቱ ቀኝ ነው። እዚህ ድረስ ሲወርድ ሥራው ገብቷችኋል ማለት ነው።

*ሲበላሽ፦* የግራው ዓምድ ከሞላ ራሳችሁን እያታለላችሁ ነው፤ «የልጄ ጠባይ»፣ «የባለቤቴ ስሜት» የሚሉ ነገሮች ሾልከው ገብተዋል። ወደ ቀኝ መልሷቸው። የቀኙ ብቻ ከሞላና ተስፋ ካስቆረጣችሁ ደግሞ በእያንዳንዱ የቀኝ ነገር ትይዩ አንድ የግራ ሥራ ጻፉ። የደመወዙ መዘግየት ቀኝ ከሆነ፣ ሒሳብ ክፍል ሄዶ በጨዋ ቃል መጠየቅ ግራ ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ ስህተት ሌላ ነው፤ «ጤናዬ በእጄ ካልሆነ መድኃኒቱን ለምን እውጣለሁ?» የሚል። ኤፒክቴተስ ለዚህ የዳይስ ተጫዋችን ምሳሌ ያነሣል። ዳይሱ ምን ይዞ እንደሚወድቅ ተጫዋቹ አያውቅም፤ በወደቀው ግን በጥንቃቄና በብልሃት መጫወት የእሱ ፋንታ ነው። መድኃኒቱን መዋጥ የእናንተ ፋንታ ነው። መዳኑ ዳይሱ ነው።

ደረጃ 2፦ ጀበናው (ከቀን 4 እስከ 10)

የዚህ መመሪያ ልብ እዚህ ነው፤ ሙሉ ሳምንት የሰጠሁትም ለዚህ ነው። ኤፒክቴተስ «ከትንሹ ጀምር» ካለ በኋላ ምሳሌው ማሰሮ ነው፤ ማሰሮ የምትወድ ከሆነ «የምወደው ማሰሮ ነው» በል፤ ሲሰበር አትታወክም። ለእኛ ቤት ከጀበና የተሻለ ዕቃ የለም። በየቀኑ በእጅ ይነካል፣ ይወደዳል፣ አንገቱ ቀጭን ነው፣ አንድ ቀን መሰበሩም አይቀርም።

1. ሦስት ዕቃ ምረጡ፤ አንዱ የሚሰበር፣ አንዱ የሚፈስ፣ አንዱ የሚጠፋ። ጀበና፣ የዘይት ጠርሙስና ጃንጥላ ጥሩ ናቸው። የእናታችሁ መታሰቢያ የሆነ ዕቃ አትምረጡ፤ እሱ ዕቃ ሳይሆን እናታችሁ ነው፣ ገና አልደረሳችሁበትም።

2. ዕቃውን ባነሣችሁ ቁጥር በሆዳችሁ ምንነቱን ጥሩት፦ «ሸክላ ነው። የምወደው ሸክላ ነው።» ሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያውን ብቻ የሚል ሰው ዕቃውን መናቅ ይለምዳል፤ ሁለተኛውን ብቻ የሚል ደግሞ እንደ በፊቱ ነው።

3. ሲሰበር፣ ሲፈስ ወይም ሲጠፋ ሁለት ጊዜ ተንፍሱና የሆነውን ብቻ ተናገሩ፦ «ጀበናው ተሰበረ።»

4. ስብርባሪውን ጥረጉ። «ማን ሰበረው?» የሚለው ጥያቄ ከመጥረጊያው በኋላ ይመጣል። ቀልድ አይደለም፤ ሰው ጠርጎ ሲጨርስ ጥያቄው ራሱ ግማሽ ጉልበቱን አጥቶ ታገኙታላችሁ።

5. ማታ በደብተሩ ላይ የዕቃውን ዋጋ ጻፉና ከጎኑ «በዚህ ገዛሁ» በሉ። ኤፒክቴተስ የፈሰሰ ዘይትና የተሰረቀ ወይን ሲገጥምህ «የመረጋጋት ዋጋው ይህን ያህል ነው፤ በነጻ የሚገኝ ነገር የለም» በል ይላል። ገንዘቡ ወጥቷል፤ የሚቀረው ጥያቄ በገንዘቡ ምን ወሰዳችሁ የሚል ነው፤ ጸጥታ ወይስ ጭቅጭቅ?

መምህሩ ራሱ ተፈትኖበታል። በቤቱ በአማልክቱ ፊት የብረት መብራት ነበረው። አንድ ሌሊት ኮሽታ ሰምቶ ሲወርድ መብራቱ ተሰርቋል። «ነገ የሸክላ ታገኛለህ» አለ ለራሱ። ሌባውንም አላወገዘም፤ ሰውየው መብራቱን ያገኘው ሌባ በመሆን ዋጋ ነው፣ ያንንም ዋጋ ትርፍ መስሎት ከፍሏል ሲል ተናገረ።

*ማስጠንቀቂያ፦* ያው የማሰሮው ምዕራፍ ወዲያው ቀጥሎ ልጅህን ወይም ሚስትህን ስትስም «ሟች ሰው ነው የምስመው» በል ይላል። በዚህ ወር እሱን መሥመር ዝለሉት። ልምምዱ ደረጃ አለው፤ ከጀበና ወደ ልጅ የሚዘል ሰው ወይ ይደነግጣል፣ ወይ ደግሞ፣ የባሰው ይህ ነው፣ ልጁን እንደ ሸክላ ማየት ይጀምራል።

*ሲበላሽ፦* ጀበናው በሳምንቱ አልተሰበረም? አትስበሩት። አንድ ወዳጄ ሆን ብሎ ብርጭቆ ከጠረጴዛ ጥሎ ነበር፤ የተማረው ነገር ባለቤቱ ምን እንደምትል ብቻ ነው። ቡና ይገነፍላል፣ ውሃ ይቋረጣል፣ እስክሪብቶ ይጠፋል፤ ልምምድ አይጠፋም። ጀበናውንም ጠርዝ ላይ አታስቀምጡት። መሰበሩ በእጃችሁ ባይሆንም አቀማመጡ በእጃችሁ ነው።

ደረጃ 3፦ ከመውጣት በፊት (ከቀን 11 እስከ 15)

በኤፒክቴተስ ዘመን ሰው ገላውን የሚታጠበው በሕዝብ መታጠቢያ ቤት ነበር። ወደዚያ ከመሄድህ በፊት፣ ይላል፣ እዚያ የሚሆነውን አስብ፤ ውሃ የሚረጩ፣ የሚገፉ፣ የሚሳደቡ፣ የሚሰርቁ አሉ። ከዚያም ሁለት ነገር እንደምትፈልግ ለራስህ ንገር፤ መታጠብና ውስጥህን ከተፈጥሮ ጋር የተስማማ አድርጎ መጠበቅ።

የእኛ መታጠቢያ ቤት የታክሲ ወረፋ ነው፤ ወይም ማኅተም የሚመታበት መስኮት።

1. ጫማ ስታጠልቁ የዛሬውን አንድ ከባድ ጉዳይ በስሙ ጥሩ፦ «ወረፋ ልይዝ ነው።»

2. እዚያ የሚሆኑ ሦስት ነገሮችን ቁጠሩ። «ሰው ይቀድመኛል። ፋይሉ አልተገኘም ይሉኛል። ነገ ተመለስ እባላለሁ።» ከሦስት አትለፉ፤ ከሦስት በኋላ ያለው ጭንቀት ነው እንጂ ዝግጅት አይደለም።

3. ሁለቱን ዓላማዎች ተናገሩ፦ «ወረቀቱን እፈልጋለሁ፤ ጸባዬን ይዤ መመለስም እፈልጋለሁ።»

4. ከሦስቱ አንዱ ሲደርስ «ሁለተኛውንም ፈልጌ ነበር» በሉ።

ይህ ማለት መብታችሁን አትጠይቁም ማለት አይደለም። የቀደማችሁን ሰው «ወንድም፣ ወረፋው ከእኔ በኋላ ነው» በሉት። የመናገሩ ጉዳይ ግራ ዓምድ ነው፤ ሰውየው መስማቱ ቀኝ ነው።

*ሲበላሽ፦* ያልቆጠራችሁት አራተኛ ነገር መጥቶ ከተናደዳችሁ ማታ ጻፉትና በነገው ሦስት ውስጥ አስገቡት።

ደረጃ 4፦ «ቆይ!» (ከቀን 16 እስከ 22)

እስካሁን የተዘጋጀነው ለምናውቀው ነገር ነበር። ይህ ደረጃ ሳይታሰብ ለሚመጣው ነው።

መጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ተስፋ ከራሳችሁ አውጡ፤ ልባችሁ መምታቱን አያቆምም። አውሉስ ጌሊዩስ የተባለ ሮማዊ ጸሐፊ በአዮንያን ባሕር ላይ ስላጋጠመው ማዕበል ጽፏል። በመርከቡ ላይ የታወቀ የስቶይክ ፈላስፋ ነበረ፤ ማዕበሉ ሲበረታ ፊቱ እንደ ሰው ሁሉ ገረጣ። ማዕበሉ ጸጥ ካለ በኋላ ጌሊዩስ ቀርቦ ምክንያቱን ጠየቀው። ፈላስፋው ከቦርሳው የኤፒክቴተስን ውይይቶች አምስተኛ መጽሐፍ አወጣና አሳየው፤ ያ መጽሐፍ ዛሬ ለእኛ አልደረሰም። የሚለው ይህ ነው፦ የመጀመሪያው ድንጋጤ ከፈቃዳችን ውጪ ይመጣል፣ ጠቢቡም ይገረጣል፤ ልዩነቱ ጠቢቡ ለድንጋጤው «እውነት ነህ» ብሎ አለመፈረሙ ነው።

ስለዚህ ሥራችሁ ፊታችሁ እንዳይገረጣ ማድረግ አይደለም። ፊርማውን ማዘግየት ነው።

1. አፋችሁን ዝጉ። ጣታችሁንም ከስልኩ አንሡ፤ በዘመናችን አብዛኛው ስድብ የሚጻፍ ነው።

2. ለመጣው ስሜት ኤፒክቴተስ ያስተማረውን በሉት፦ «ጥቂት ቆየኝ። ማን እንደሆንክ፣ ስለ ምን እንደመጣህ ልይ።»

3. የሆነውን ያለ ቅጽል ተናገሩ። ሰው ቶሎ ቶሎ ቢታጠብ «ቶሎ ታጠበ» በል እንጂ «በመጥፎ ታጠበ» አትበል፤ ብዙ ወይን ቢጠጣ «ብዙ ጠጣ» በል እንጂ «በመጥፎ ጠጣ» አትበል ይላል። ምክንያቱን ሳታውቅ በመጥፎ መሆኑን በምን አወቅህ?

4. የቀረው ዐረፍተ ነገር የየትኛው ዓምድ እንደሆነ እዩ።

5. ለነገሩ የሚሆን አቅም ፈልጉ። ለድካም ጽናት፣ ለስድብ ትዕግሥት፣ ለሚያማልል ነገር ራስን መግዛት።

ከእነዚህ አምስቱ ሦስተኛው ላይ ሰው ሁሉ ይወድቃል፤ ስለዚህ በምሳሌ እንየው። ለጓደኛችሁ ትደውላላችሁ፣ አያነሳም። ከአንድ ሰዓት በኋላም አልደወለም። በውስጣችሁ የተጻፈው ዐረፍተ ነገር «ናቀኝ» የሚል ነው። አሁን ቅጽሉንና ግምቱን ላጡት። «ሆን ብሎ አላነሳም»፤ ሆን ብሎ የሚለውን አላያችሁም፣ አውጡት። «ስልኬን አላነሳም»፤ ስልኩ አጠገቡ ይኑር አይኑር አታውቁም። «ደወልኩ፤ ድምፁ አልተሰማም።» የሆነው ይኸው ነው። በዚህ ዐረፍተ ነገር ላይ መናደድ ከቻላችሁ ጎበዞች ናችሁ።

ጓደኛችሁ በእርግጥ ንቋችሁ ሊሆን ይችላል። ነገ ስታገኙት ጠይቁት። ዛሬ ግን ያልሰማችሁትን ፍርድ አትፈርሙ።

ለቁጣ የሠራው ለምኞትም ይሠራል፤ ኤፒክቴተስ ግን ለደስታ አንድ ተጨማሪ መለኪያ ይሰጣል። ነገሩን አዘግይና ሁለት ጊዜያትን አስብ፤ የምትደሰትበትን ሰዓት፣ ቀጥሎም የምትጸጸትበትንና ራስህን የምትወቅስበትን ሰዓት። ከእነዚህ ትይዩ ደግሞ ብትተወው የሚሰማህን ደስታ አስቀምጥ። ለሦስተኛው ጠርሙስ ቢራ ከዚህ የተሻለ ሚዛን አላገኘሁም።

*ሲበላሽ፦* «ቆይ» ከማለታችሁ በፊት ቃሉ ከአፋችሁ ወጣ? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ሁለተኛውን ቃል ግን መያዝ ይቻላል። ጭቅጭቅ የሚሠራው ከመጀመሪያው ስድብ ሳይሆን ከሁለተኛው ነው። አቁሙ፣ ይቅርታ ጠይቁ፣ ከቦታው ሂዱ። ይቅርታ ስትጠይቁ ፍልስፍና አትጨምሩበት።

ደረጃ 5፦ ሁለት እጀታ (ከቀን 23 እስከ 25)

ይህ አጭር ነው። ኤፒክቴተስ እንዲህ ይላል፤ እያንዳንዱ ነገር ሁለት እጀታ አለው፣ በአንዱ ይነሣል፣ በሌላው አይነሣም። ወንድምህ ቢበድልህ «በደለኝ» በሚለው እጀታ አትያዘው፤ በእሱ አይነሣም። «ወንድሜ ነው፣ አብረን ያደግን ነን» በሚለው ያዘው።

አንድ የቤተሰብ ጉዳይ ምረጡ። በግራ ገጽ አሁን የያዛችሁበትን እጀታ፣ በቀኝ ገጽ ሌላውን ጻፉ። ከዚያ በሁለተኛው እጀታ የምትናገሩትን የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል አዘጋጁ። «ወንድሜ፣ ከተገናኘን ቆየን፤ እሑድ ቡና እንጠጣ» ይበቃል። የርስት ክፍፍሉ በዚያ ቀን አይነሣም።

*ማስጠንቀቂያ፦* እጀታ መቀየር ክስ መተው አይደለም። ገንዘባችሁን የወሰደ ሰው ገንዘባችሁን ወስዷል፤ ሽማግሌም ፍርድ ቤትም አለ። የምትቀይሩት ነገሩን የምታነሡበትን መንገድ ነው።

ደረጃ 6፦ የማታ ሒሳብ (ከቀን 11 ጀምሮ በየማታው)

በቁጥር ስድስተኛ ያደረግኩት ሰው መጀመሪያ ካገኘው ራሱን መገረፊያ ስለሚያደርገው ነው። ሥራው ግን ከደረጃ 3 ጋር አብሮ ይጀምራል።

ኤፒክቴተስ ለተማሪዎቹ ያስታወሳቸው በፓይታጎራስ ስም የሚታወቁ ጥንታዊ ስንኞችን ነው። ዐይንህን እንቅልፍ ከመያዙ በፊት የቀኑን ሥራ በሦስት ጥያቄ መርምር፦ «የት ሳትኩ? ምን ሠራሁ? ማድረግ ሲገባኝ ምን ተውኩ?» ስንኞቹ የሚዘጉት በክፉው ራስህን ገሥጽ፣ በመልካሙ ደስ ይበልህ ብለው ነው። የመጨረሻዋን ግማሽ ሰው ሁሉ ይረሳታል። በደብተሩ ላይ ቢያንስ አንድ ደስ ያላችሁን ነገር ሳትጽፉ አትተኙ።

ከዚያ ቁጣን ቁጠሩ። እዚህ ላይ ብዙዎች «ያልተቆጣሁባቸው ቀናት» የሚል ሰንሰለት ይሠራሉ፤ በዘጠነኛው ቀን ሲበጠስ ሁሉንም ይተዋሉ። የኤፒክቴተስ አቆጣጠር ሌላ ነው። «በየቀኑ እቆጣ ነበር፤ ቀጥሎ በየሁለት ቀኑ፣ ከዚያ በየሦስት፣ ከዚያ በየአራት» ይላል። የሚቆጥረው በሁለት ቁጣ መካከል ያለውን ርቀት ነው። ስለዚህ ስትቆጡ ቀኑን ጻፉ፣ ከበፊተኛው ቁጣ ስንት ቀን እንደራቀ አስሉ፣ ቁጥሩን ክበቡት። 1፣ 1፣ 2፣ 1፣ 3 እያለ የሚሄድ ደብተር የሚሠራ ደብተር ነው።

ደረጃ 7፦ ዝም በሉ (እስከ ቀን 30)

በጎች ምን ያህል እንደበሉ ለእረኛው ለማሳየት ሣሩን አያስመልሱም፤ ፈጭተው ሱፍና ወተት ይሰጣሉ። ምሳሌው የእሱ ነው። ሌላም አለው፦ በጣም ሲጠማህ ቀዝቃዛ ውሃ ጎንጭ፣ ትፋው፣ ለማንም አትንገር። ከሦስቱ ሦስተኛው ይከብዳል። ሞክሩት፤ አንድ ቀን አንድ ትንሽ ነገር ተዉና ለማንም ሳትናገሩ እደሩ።

ያወራ ሰው ሁለት ጉዳት አለበት። ሰው ይጠብቀዋል፤ በመጀመሪያው ቁጣው «ፈላስፋው ተቆጣ» ይሉታል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ትምህርቱን ለሌላ ሰው ማዘዝ ይጀምራል። ባለቤታችሁ ከሥራ ተናዳ ስትመጣ «የሚያናድድሽ ነገሩ ሳይሆን ፍርድሽ ነው» ካላችሁ ደብተሩን ለአንድ ሳምንት አስቀምጡት። ትምህርቱ በአንደኛ መደብ፣ «እኔ» በሚለው፣ ብቻ ነው የሚሠራው። ውሃ አቅርቡላት፣ አዳምጧት።

ሰው የሚጠይቀኝ ብልሽቶች

*ቀዝቃዛ ሆንኩ፤ ምንም አይሰማኝም።* ተሳስታችኋል። ኤፒክቴተስ እንደ ሐውልት የማይሰማህ መሆን የለብህም፤ እንደ ልጅ፣ እንደ ወንድም፣ እንደ አባት፣ እንደ ዜጋ ያለህን ግንኙነት ጠብቅ ብሏል በግልጽ። አንድ ባለሥልጣን ሴት ልጁ ስትታመም ማየት አልችል ብሎ ከቤት ሸሽቶ፣ ዳነች እስኪሉት ድረስ እንዳልተመለሰ ነገረው። «በተፈጥሮ የሆነ ነገር ነው» አለ ሰውየው። ኤፒክቴተስ በጥያቄ አፋጠጠው፦ እናቷም፣ ሞግዚቷም ይወዷታል፤ እነሱም ትተዋት መሄድ ነበረባቸው? ከቀዘቀዛችሁ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱና በግራው ዓምድ የሰዎች ስም ጻፉ፤ ለእያንዳንዱ ዛሬ የምታደርጉትን አንድ ነገር ጨምሩ።

*ለቅሶ ቤት ምን ላድርግ?* መጽሐፉ ሐዘንተኛውን በቃል አጽናና፣ ካስፈለገም አብረህ አልቅስ፣ በውስጥህ ግን አታልቅስ ይላል። እዚህ ላይ ከመምህሩ ጋር አልስማማም፤ ከአንገት በላይ ማልቀስ ለእኔ ከማልቀስም ካለማልቀስም የከፋ ነው። እኔ አለቅሳለሁ።

*ከጓደኞቼ ጋር ስሆን ሁሉም ይጠፋብኛል።* የጠፋ ከሰል ከሚነድ ከሰል አጠገብ ብታስቀምጥ ወይ ያጠፋዋል ወይ ይቀጣጠላል፤ ይህም የእሱ ነው። የሐሜት ማዕድ ከሆነ ለወሩ አሳጥሩት። ቀድማችሁ የምትነሡበትን ሰዓት ከመግባታችሁ በፊት ወስኑ።

*ሁለት ቀን አለፈኝ።* ካቆማችሁበት ቀጥሉ። ያለፈውን ለመካስ በአንድ ማታ ሦስት ቀን የሚጽፍ ሰው በአራተኛው ቀን አይጽፍም።

ቀን 31

ኤፒክቴተስ ሳትቆጣ ሠላሳ ቀን ካለፈህ ለአምላክ መሥዋዕት አቅርብ ይላል። እኔ እስካሁን የደረስኩበት ትልቁ ቁጥር 11 ነው፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ምን እንደሆነ ደብተሬ ያውቃል። የእናንተ ቁጥር ስንትም ቢሆን አዲስ ገጽ ግለጡ፣ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱና ከጀበናው አንድ እርከን ከፍ ያለ ዕቃ ምረጡ። ለብዙዎቻችን ስልክ ነው። ስታነሡት «መስታወት ነው፤ የምወደው መስታወት ነው» በሉ። መሸፈኛውን ግን አታውልቁ።